ከዘይድ ቀጥሎ የማን ስም ይጻፍ?



አንድ ሕፃን ወደዚህች ዓለም ሲመጣ ይዞት የሚመጣው ነገር የለም። ልብሱም፣ መኝታውም፣ ስሙም ከሰው የሚሰጠው ነው። ልብሱ በጥቂት ወራት ይጠበዋል፤ መኝታውም ለታናሹ ይተላለፋል፤ ስሙ ግን አብሮት ያድጋል፣ አብሮት ያረጃል፣ ከሞተም በኋላ በሰው አፍ ይቀራል። አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ያሉት ይህን አይተው ነው። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለውም ብሂል የሚነገረው ስም ከሰውዬው ሕይወት ጋር ገጥሞ ሲገኝ ነው። ይሁን እንጂ ወላጅ ኃላፊነቱን በመልአክ ላይ ጥሎ ሊቀመጥ አይገባውም። ሕፃኑ እሺም እምቢም ሊል በማይችልበት ሰዓት ዕድሜ ልኩን የሚጠራበትን ነገር የሚወስንለት ሌላ ሰው ነውና።

ዛሬ የምናነሳው ጥያቄ ሲያዩት ትንሽ ነው። በአሜሪካና ያንኑ ልማድ በሚከተሉ አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጅ ሲወልዱ የሚሞሉት ቅጽ ለስም ሦስት ክፍት ቦታ አለው። አንደኛው የልጁ መጠሪያ፣ ሁለተኛው «ሚድል ኔም» የሚሉት መካከለኛ ስም፣ ሦስተኛው የቤተሰብ ስም ነው። ብዙ ወላጆች ለመጠሪያው አጭር ስም ይመርጣሉ። ዘይድ፣ ኑሕ፣ ዒሳ፣ ዐሊ የመሳሰሉትን ይወዳሉ፤ አስተማሪው ሳይንተባተብ እንዲጠራው፣ ጓደኞቹም እንዳያጣምሙበት ብለው ነው። ይህን ካደረጉ በኋላ ግን ዐይናቸው ባዶው መካከለኛ ቦታ ላይ ያርፋል። «ዘይድ አጭር ነው፤ ብቻውን ይጎድላል፤ ከኋላው ምን ብናስከትልለት ያምራል?» ይላሉ። ያን ጊዜ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ ሐሳብ ያዋጣል። አንዱ ረጅም ስም ይሁንና ይሙላው ይላል። ሌላው ከዘይድ ጋር ሲነገር ለጆሮ የሚጣፍጥ ይሁን ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የአገሩን ሰው ስም የሚመስል አድርጉለት፤ ሲያድግ ሥራ ለመፈለግ ይጠቅመዋል» ብሎ ይመክራል።

ለጆሮ የሚጥም ስም መፈለግ ነውር የለበትም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መልካም ስም ይወዱ ነበር፤ ትርጉሙ ክፉ የሆነውንም ይለውጡ ነበር። ነገር ግን ከዚህ ጥያቄ ሥር ሌላ ጥያቄ አለ። ከመጠሪያው ቀጥሎ የሚመጣው ስም ሥራው ምንድን ነው? መጠሪያውን ማስጌጥ ነው ወይስ ስለ ልጁ አንድ እውነት መናገር?

አጭር ስም ጎዶሎ ነውን?

በቅድሚያ አጭርነቱን እንመልከት። በቁርኣን ከተወሱት ነቢያት መካከል የኑሕ፣ የሁድና የሉጥ ስም በዐረብኛ ሦስት ሦስት ፊደል ብቻ ነው። ኑሕ (ዐ.ሰ.) በሕዝቡ መካከል 950 ዓመት ሲቀመጥ የተጠራበት ስም ይኸው ባለ ሦስት ፊደል ስም ነበር። የዐረብኛ ሰዋስው ሊቃውንትም በዚህ ረገድ አንድ ደስ የሚል ነገር ያስተምራሉ። እንደ ኢብራሂምና ኢስማዒል ያሉ ከሌላ ቋንቋ የመጡ ስሞች በዐረፍተ ነገር ውስጥ ሙሉ እርባታ አይፈቀድላቸውም፤ መጨረሻቸው እንደ ሌላው ስም ሁሉ አይለዋወጥም። ኑሕና ሉጥ ግን እነርሱም ከሌላ ቋንቋ የመጡ ስሞች ሆነው ሳለ ሙሉ እርባታ አላቸው። ሊቃውንቱ ምክንያቱን ሲያስረዱ አጭር በመሆናቸው ለአንደበት ስለቀለሉ ነው ይላሉ። ረጅሞቹ የተከለከሉትን አጭሮቹ በቅለታቸው አገኙት ማለት ነው።

የሕያንም (ዐ.ሰ.) እናስታውስ። ስሙን ያወጣለት አላህ (ሱ.ወ.) ራሱ መሆኑንና ከርሱ በፊት በዚያ ስም የተጠራ እንዳልነበረ በሱረቱ መርየም 7ኛው አንቀጽ ተነግሮናል። ለዚያ አጭር ስም ማሟያ አላስፈለገውም። ስለዚህ ልጁን ዘይድ ብሎ የሰየመ አባት ጎዶሎ ስም ሰጠሁ ብሎ አይጨነቅ። ክፍቱ ቦታ ይሞላ ከተባለም ቁመት ለመጨመር ሲባል አይሁን።

የዘይድ ታሪክ

ዘይድ የሚለውን ስም ለምሳሌ ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመጠሪያው ቀጥሎ የሚመጣው ስም በወሕይ የተስተካከለለት ታላቅ ሰሃባ ይህን ስም የያዘ ነበርና።

ዘይድ የሓሪሳ ልጅ ነው። ገና ልጅ ሳለ ዘራፊዎች ማርከው በዑካዝ ገበያ ሸጡት። ሐኪም ኢብን ሒዛም ገዝቶ ለአክስቱ ለኸዲጃ (ረ.ዐ.) አመጣላት፤ እርሷም ለባለቤቷ ለሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰጠቻቸው። ዘመን ካለፈ በኋላ አባቱ ሓሪሳ ልጁ መካ ውስጥ መኖሩን ሰማ፤ ቤዛ ይዞ ከወንድሙ ጋር መጣ። ምርጫው ለዘይድ ተተወለት። ዘይድም ከሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር መኖርን መረጠ። እርሳቸውም ወደ ካዕባ ይዘውት ሄደው በሕዝብ ፊት ልጄ ነው ብለው አወጁ። አባቱ ይህን አይቶ ልቡ ረግቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመካ ሰው «ዘይድ ኢብን ሙሐመድ» ይለው ጀመር።

እስቲ አስቡት! ለአንዲት አጭር ስም ከዚህ የሚያምር ተከታይ ሊገኝላት ይችላልን? ለጆሮ ይጥማል፤ ክብሩ ወሰን የለውም፤ የተሰጠውም በፍቅር ነው። እንዲህም ሆኖ በመዲና የሱረቱል አሕዛብ 5ኛው አንቀጽ ወረደ። ልጆች ወደ ወለዷቸው አባቶች እየተጠጉ እንዲጠሩ ታዘዘ፤ በአላህ ዘንድ ፍትሐዊው ይህ መሆኑም ተነገረ። ዘይድም ተመልሶ «ዘይድ ኢብን ሓሪሳ» ተባለ።

ልብ በሉ! ፍቅሩ አልተነሳበትም። የነቢዩ ውድ መባሉ አልቀረም፤ ጦር አዝማች ሆኖ ተሾመ፤ በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ (629 እ.ኤ.አ.) በሙእታ ሠራዊቱን እየመራ ሸሂድ ሆነ። የተነሳው እውነት ያልሆነችው ቃል ብቻ ናት። ሌላም ፍትሕ አለ። ያ ሓሪሳ፣ የጠፋ ልጁን ፍለጋ በረሃ አቋርጦ ቤዛ ይዞ የመጣው አባት፣ ልጁን ይዞ ባይመለስም በልጁ ስም ላይ ቦታው ተመለሰለት።

ዘይድ፣ ሐበሻዊት እንደነበረች ከሚወሳው ከኡሙ አይመን ልጅ ወለደ፤ ልጁም ኡሳማ ኢብን ዘይድ ተባለ። ትናንት ተከታይ ይፈለግላት የነበረችው አጭር ስም በተራዋ ተከታይ ሆነች። በዚያው በሱረቱል አሕዛብ 37ኛው አንቀጽ ደግሞ ከሰሃባዎች ሁሉ መካከል በስሙ በቁርኣን የተወሳው እርሱ ብቻ ሆነ። እዚያ የተጻፈው «ዘይድ» ብቻ ነው፤ ሌላ ቃል አልተከተለውም።

አባቱ የማይታወቅስ?

«አባቱ ለማይታወቅ ልጅስ ምን ይደረጋል?» የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። ያው አንቀጽ መልሱን ይዟል። አባቶቻቸው ካልታወቁ በሃይማኖት ወንድሞቻችሁና ተጠጊዎቻችሁ ናቸው ይላል። አቡ ሑዘይፋ ያሳደገው ሳሊም ከዚያ በኋላ «ሳሊም መውላ አቢ ሑዘይፋ» በመባል ታወቀ፤ የአቡ ሑዘይፋ ተጠጊና ወዳጅ ማለት ነው። ያልነበረው መውለድ ከስሙ ላይ ወጣ፤ የነበረው ወዳጅነት በስሙ ላይ ጸና። ወዳጅነቱም እውነት ስለነበረ ሁለቱ በየማማ ጦርነት አብረው ወደቁ።

ዒሳን (ዐ.ሰ.) እንመልከት። አባት ስለሌለው ቁርኣን የመርየም ልጅ ዒሳ እያለ ይጠራዋል። በእናት ስም መጠራት ውርደት ቢሆን ኖሮ ለታላቅ ነቢይ ባልተመረጠም ነበር። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙአዚኖች አንዱ የነበረው ዐይነ ስውሩ ሰሃባም እስከ ዛሬ የሚታወቀው በእናቱ ኢብን ኡሚ መክቱም በመባል ነው።

እንግዲህ ዘይድ በአባቱ፣ ሳሊም በወዳጁ፣ ዒሳ በእናቱ ተጠሩ። መንገዳቸው የተለያየ ቢመስልም የሚገዛቸው ሕግ አንድ ነው፤ ከመጠሪያው የሚከተለው ቃል እውነት መሆን አለበት። ዛሬም ወላጅ የሌለው ሕፃን አንስተው የሚያሳድጉ ቤተሰቦች አሉ፤ አላህ ሥራቸውን ይቀበላቸው። እነዚህ ወገኖች ለልጁ እንጀራውንም፣ ትምህርቱንም፣ ፍቅሩንም ይስጡት፤ የአባቱን ስም ግን አይውሰዱበት። ስም ለመስጠት ቀላል ነው፤ ለመመለስ ግን ከባድ ነው። ሚቅዳድ የዐምር ልጅ ሆኖ ሳለ አስወድ የተባለ ሰው ልጄ ብሎት በዚያ ታወቀ። አንቀጹ ከወረደ በኋላም ይኸው ስም ከሰው አፍ አልጠፋም፤ በመጻሕፍት ዛሬም አብዝተን የምናገኘው ሚቅዳድ ኢብኑል አስወድ ተብሎ ነው።

ሦስቱ ክፍት ቦታዎች

አሁን ወደ ቅጹ እንመለስ። በአገራችን ልማድ፣ በሙስሊሙም ሆነ በክርስቲያኑ ዘንድ፣ ከመጠሪያው ቀጥሎ ያለው ስም የሚመረጥ ነገር አልነበረም። «ዘይድ አሕመድ ዩሱፍ» ስንል ዘይድ የአሕመድ ልጅ ነው፣ አሕመድም የዩሱፍ ልጅ ነው ማለታችን ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በአባቱ ስም መጠራቱን አልተወም። ሶማሌ ወገኖቻችን ደግሞ አብቲርሲ ብለው ልጆቻቸውን ገና በሕፃንነታቸው የአባት የአያት፣ የቅድመ አያት ስም ያስቆጥሯቸዋል።

ታዲያ በውጭ የሚኖር ወላጅ ሦስቱን ቦታዎች እንዴት ይሙላቸው? ብዙዎች ከልምድ የደረሱበት ዘዴ አለ። በመጀመሪያው ቦታ ዘይድን፣ በመካከለኛው የአባቱን ስም አሕመድን፣ በመጨረሻው የአያቱን ስም ዩሱፍን ይጽፋሉ። አባትየው ራሱ አሕመድ ዩሱፍ ተብሎ የተመዘገበ በመሆኑ አባትና ልጅ በመጨረሻው ስም ይገናኛሉ። በመጨረሻው ቦታ አሕመድ ቢጻፍ ግን ልጁ ዘይድ አሕመድ፣ አባቱ አሕመድ ዩሱፍ ይሆናሉ፤ ወረቀታቸውን የሚያይ የትምህርት ቤት ወይም የአውሮፕላን ጣቢያ ሠራተኛም አባትና ልጅ መሆናቸውን በቀላሉ አይረዳም። የአባቱ ስም በመካከል ሲገባ ግን የአገሩም ሥርዓት ይሟላል፣ የልጁም የዘር ሐረግ ሳይበጠስ ይቀጥላል። ባዶ የመሰለው ቦታ ለካ ባለቤት ነበረው!

ይህ ዘዴ እንከን የለውም አንልም። በዚያ አገር መካከለኛ ስም ብዙ ጊዜ በአንዲት ፊደል አጥሮ ይጻፋል። ሌት ተቀን ሠርቶ ያሳደገ አባት በልጁ ወረቀት ላይ አንዲት ፊደል ሆኖ ሊቀር ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ያለው በቤት ውስጥ ነው። ልጁ ስሙን ሲጠየቅ ከነአባቱ ከነአያቱ እንዲናገር ይለማመድ። ፊደሏ የማን እንደሆነች የሚያውቅ ልጅ አባቱን ወረቀት አያስረሳውም።

ሌላ ስም መጨመርስ ክልክል ነውን? አይደለም። ዐረቦች ከመጠሪያው ሌላ ኩንያም ለቀብም ነበራቸው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የአነስን ታናሽ ወንድም፣ ወፍ ይዞ ይጫወት የነበረውን ሕፃን፣ አቡ ዑመይር እያሉ በፍቅር ያጫውቱት ነበር። በኛም ዘንድ የቤት ስምና የቁልምጫ ስም ሞልቷል። እናት የአባቷን ስም ለልጇ ማውረስ ብትፈልግ፣ አያት በረጅም ስም ልጥራው ብትል፣ ቤቱ ሰፊ ነው። የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጌጡ ሲገባ እውነቱ አይውጣ።

መደበቂያ ስም

ድምፁን ዝቅ አድርጎ የመከረውን ሦስተኛውን ሰው አልረሳነውም። ፍርሃቱን ልንንቅበት አይገባም። በ2004 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት በቦስተንና በቺካጎ ለሚገኙ ቀጣሪዎች በችሎታ የማይበላለጡ የሥራ ማመልከቻዎችን ልኮ ነበር። የነጭ ስም የተጻፈባቸው ማመልከቻዎች የጥቁር አሜሪካዊ ስም ከተጻፈባቸው 50 በመቶ ያህል የበለጠ ጥሪ አገኙ። ስም በር እንደሚከፍትና እንደሚዘጋ በቁጥር ታየ ማለት ነው። በአገራችንም በቀደሙት ዘመናት አንዳንድ ሙስሊም ወላጆች ልጃቸውን ትምህርት ቤት ሲያስገቡ ሌላ ስም ያስይዙለት እንደነበር አዛውንቶቻችን ያወሳሉ። ያን ያደረገውን ወላጅ ለመኮነን ማን ይደፍራል? በሩን የዘጋው እርሱ አልነበረምና።

ነገር ግን ከልጁ ወገን ሆነን እንየው። በመካከለኛው ቦታ የተቀመጠው ስም የተመረጠው አንድ ቀን ራሱን እንዲደብቅበት መሆኑን ልጁ ሲያውቅ ምን ይማራል? አባቱ ገና በሰባተኛው ቀኑ «አንተ የሚያሳፍር ነገር ተሸክመሃል» ብሎ እንደፈረደበት አይሰማውምን?

በዚያው በአሜሪካ የሆነ ሌላ ነገር እናንሳ። ባራክ ኦባማ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ለፕሬዝዳንትነት ሲወዳደሩ አንዳንድ ተቃዋሚዎቻቸው መካከለኛ ስማቸውን፣ ሑሴንን፣ መራጩን ለማስፈራራት ደጋግመው ያነሱት ነበር። ስሙ ከኬንያዊው አያታቸው ከሑሴን ኦንያንጎ ኦባማ የመጣ ነው፤ አያትየው ኢስላምን የተቀበሉ ሰው ነበሩ። ኦባማ ራሳቸው ሙስሊም አይደሉም። ሆኖም ጃንዋሪ 20 ቀን 2009 (እ.ኤ.አ.) ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ ስማቸውን ባራክ ሑሴን ኦባማ ብለው ጠሩ። የአያታቸውን ሃይማኖት ሳይይዙ የአያታቸውን ስም አልጣሉም። የአያቱን ሃይማኖት ለያዘ ልጅማ ስሙን መሸከም ምን ያህል ሊቀለው ይገባ ነበር!

ከዚህ በተቃራኒ የቆመ ፍርሃትም አለ። አባቱ ወይም አያቱ ሙስሊም ያልሆነ ወንድም ለልጁ ቅጽ ሲሞላ ያን ስም ለማንሳት ያመነታል። በወሎ የሙስሊምና የክርስቲያን ስም በአንድ የዘር ሐረግ ውስጥ ተሰናስሎ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ አንዳንዱ ግን ይህን እንደ ጉድፍ ያየዋል። የቀደሙትን እንይ። ዒክሪማ የአቡ ጀህል ልጅ መሆኑ ከስሙ ላይ አልተፋቀም። የኻሊድ አባት ወሊድ የነቢዩ ብርቱ ጠላት ነበር፤ ኻሊድ ግን እስከ ዛሬ ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ ነው። በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የዘር ሐረግ ውስጥ እንኳ በጣዖት ስም የተሰየመው ዐብድ መናፍ አለ፤ ሊቃውንት ሐረጉን ሲቆጥሩ አይዘሉትም። ሙስሊም የሚሆነው ሰው ነው፤ የአባቱ ስም ያመጣጡ ምስክር ነው።

ውድ አንባብያን! ልጅ ወልዳችሁ ስም ለመጻፍ ብዕር የምታነሱ ሁሉ፣ ለልጃችሁ ስም መርጣችሁ ስትጨርሱ አንድ ጊዜ ቆም ብላችሁ ይህን አስቡ። ይህ ሕፃን አምስት ወይም ስድስት ዓመት ሲሞላው ጣቱን መካከለኛ ስሙ ላይ አድርጎ «ይህስ ማን ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ያን ጊዜ መልሳችሁ «ከዘይድ ጋር ሲነገር ያምር ነበር» ከሆነ፣ ሐሰት አልነገራችሁትም፤ ነገር ግን ባዶ እጁን ሰደዳችሁት። «የሚያስቸግር ቀን ቢመጣ እንድትጠራበት ነው» ከሆነ ፍርሃታችሁን አወረሳችሁት። «ይህ አባትህ ነው፤ ይህ ደግሞ አያትህ ነው፤ ና ቁጭ በልና ስለነርሱ ልንገርህ» ማለት ከቻላችሁ ግን ስሙ አጭር ይሁን ረጅም ልጁ የሚቆምበት መሬት አገኘ።

ዝርዝር ፍርዱን ለዑለማዎቻችን እንተዋለን። አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን የዐይን ማረፊያ፣ ስማቸውንም የመልካም መታወሻ ያድርግልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።